«ይገባል» እና «ይሠራል»፦ የራምና የማዘርቦርድ ስምምነት አጭር ታሪክ



በመሰባሰቢያ መጽሔት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው የሰው ታሪክ ነው፤ የመምህራን፣ የባች፣ የዶርም፣ የግቢ። እኔ ግን ዘንድሮ ከስንዝር ስለምታንስ አንዲት ካርድ፣ ራም ስለምንላት ዕቃ፣ ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ። ምክንያቴ ቀላል ነው። «ለተማርንበት ትምህርት ክፍል አንድ ነገር እናድርግ» ሲባል ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚነሣው የኮምፒውተር ላብ ነው። ያረጀ ኮምፒውተርን ጥቂት ዓመት ዕድሜ ከሚጨምሩለት ነገሮች ደግሞ ራም ማሳደግ ከርካሾቹ አንዱ ነው። ነገር ግን ያቺ ራም ከዚያ ማዘርቦርድ ጋር ካልተስማማች፣ ከአሜሪካም ትምጣ ከመርካቶ፣ ዕጣዋ መሳቢያ ውስጥ መቅረት ነው።

«ይስማማል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ላይ ላዩን ሲታይ የቴክኒሻን ጉዳይ ይመስላል። ታሪኩን ወደ ኋላ ስንከተለው ግን ውል፣ ሽምግልና፣ ክህደትና ፍርድ ቤት ያለበት ሆኖ እናገኘዋለን። በእኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ራምና ማዘርቦርድም ሳይቆጠር አይጋቡም። ይህ ጽሑፍ ያንን ቆጠራ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።

ጥያቄው ያልነበረበት ዘመን

መጀመሪያ ላይ ይህ ጥያቄ ጭራሽ አልነበረም። በ1953 በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. «ዋርልዊንድ» የሚባለው ኮምፒውተር ላይ የጄይ ፎሬስተር ቡድን የማግኔት ቀለበት ማህደረ ትውስታ ገጠመ። እያንዳንዷ ቀለበት አንድ ቢት ትይዛለች፤ ቀለበቶቹ እንደ ዶቃ በቀጫጭን ሽቦ ላይ ይሰካሉ። በኋላ በብዛት ሲመረቱ እጅግ ደቃቅ ስለነበሩ ሥራው ከጥልፍ አይተናነስም ነበር፤ አብዛኛውን የሚሠሩትም በእጃቸው የሚሰኩ ሴቶች ነበሩ። በዚያ ዘመን ኮምፒውተሩን የሠራው ድርጅት ማህደረ ትውስታውንም ራሱ ያዘጋጃል፤ ሲበላሽም ራሱ ይጠግናል። ገዢው ስለ መስማማት የሚጨነቅበት ምክንያት አልነበረውም።

ነገሩ የተለወጠው ማህደረ ትውስታ በገበያ የሚሸጥ ቺፕ ሲሆን ነው። በ1966 የአይ.ቢ.ኤም. መሐንዲስ ሮበርት ዴናርድ አንድን ቢት በአንድ ትራንዚስተርና በአንዲት ደቃቅ ካፓሲተር መያዝ እንደሚቻል አሰበ፤ ፓተንቱም በ1968 ተሰጠ። ዛሬ ዲራም የምንለው ይህ ነው። ካፓሲተሯ እንደሚያፈስ እንስራ ናት፤ የተቀዳባት ቶሎ ይጎድላል፣ ስለዚህ ሳያሰልሱ መሙላት ያስፈልጋል። በተለመደው ደረጃ መሠረት ሁሉም ረድፍ በ64 ሚሊ ሴኮንድ ውስጥ አንድ ጊዜ መታደስ አለበት። በ1970 ኢንቴል 1103 የተባለውን 1,024 ቢት የሚይዝ ዲራም ለገበያ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ማህደረ ትውስታውን የሚሠራው አንድ፣ ኮምፒውተሩን የሚሠራው ሌላ ሊሆን ቻለ። «ይስማማል ወይ?» የተወለደው ያኔ ነው።

ጥያቄው በሰው እጅ በነበረበት ጊዜ

በነሐሴ ወር 1981 አይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒውተሩን ሲያወጣ ማዘርቦርዱ ላይ 16 ኪሎባይት ተበይዶ ይመጣ ነበር። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው ባዶ ሶኬቶቹ ላይ ቺፖችን ራሱ ይሰካል፤ ቦርዱ ላይ እስከ 64 ኪሎባይት ድረስ። ቺፖቹ የሚገቡት በዘጠኝ በዘጠኝ ነው፤ ስምንቱ ለመረጃ፣ ዘጠነኛው ስሕተት ለመቆጣጠሪያ።

ታዲያ ኮምፒውተሩ ምን ያህል ማህደረ ትውስታ እንደተጨመረለት በራሱ አያውቅም ነበር። ቦርዱ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች በእስክርቢቶ ጫፍ እየገፉ «ይህን ያህል አለህ» ብሎ መንገር የሰውየው ሥራ ነው። የቺፕ አንዷ እግር ከታጠፈች፣ ቺፑ ተገልብጦ ከገባ፣ ወይም ማብሪያው በስሕተት ከተቀመጠ ነገሩ አበቃ። በትክክል የተሰካውም ቢሆን ማሽኑ ሲሞቅና ሲበርድ ቀስ በቀስ ከሶኬቱ ወጣ ወጣ ይላል። በዚያን ጊዜ መስማማትን የሚያጣራው የሰው ዓይን፣ የሰው እጅና መመሪያ መጽሐፉ ነበሩ።

ካርዷ ስትመጣ

በ1983 ዋንግ ላቦራቶሪስ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቺፖቹን በአንዲት ትንሽ ካርድ ላይ ደርድሮ ካርዷን በአንድ ጊዜ የመሰካት ዘዴ ተፈጠረ። ሲም የምትባለው ባለ 30 እግር ካርድ ይህች ናት፤ ከ1987 ጀምሮም በጄምስ ክሌይተን ስም ፓተንት ተሰጠባት። የኩባንያው መሥራች አን ዋንግ ራሱ በማግኔት ቀለበት ማህደረ ትውስታ ላይ ፈር ቀዳጅ የነበረና ፓተንቱን ለአይ.ቢ.ኤም. በ500,000 ዶላር የሸጠ ሰው ነው። በማህደረ ትውስታ ታሪክ ውስጥ የዋንግ ስም ሁለት ጊዜ፣ በሁለት የተለያዩ ዘመናት መነሣቱ የሚገርም ነው።

አንዲት ካርድ የጋራ መለኪያ የምትሆነው ሌሎች ሲቀበሏት ነው። እዚህ ላይ ጄዴክ የሚባለው አካል ይመጣል። መነሻው በ1944 የኤሌክትሮን ቱቦ አምራቾች ያቋቋሙት የጋራ ምክር ቤት ነው፤ የዛሬ ስሙን የያዘው በ1958 ነው። ሥራው በእኛ ቋንቋ ሽምግልና ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በገበያ የሚፎካከሩ ድርጅቶች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው «የካርዷ ርዝመት ይህ ይሁን፣ አምስተኛዋ እግር ይህን ትሸከም» ብለው ይስማማሉ። ዋንግም ሲምን ወደዚህ ሸንጎ ወስዶ ደረጃ እንድትሆን ገፋፋ፤ እንደነ ሚትሱቢሺ ያሉ አምራቾችንም «ሥሩልኝ» ብሎ አበረታታ። ብዙ አምራች ሲኖር ዋጋ ይወርዳላ!

ካርዷ ከተስፋፋች በኋላ ግን ዋንግ ፓተንቱን ይዞ አምራቾቹን ከሰሰ። ኩባንያው በ1992 በኪሳራ ሕግ ጥበቃ ሥር እስከ መግባት ደርሶ ነበር። የሚትሱቢሺ ጉዳይ በ1997 በይግባኝ ፍርድ ቤት ሲቋጭ፣ ዋንግ ራሱ ለዓመታት ሲያበረታታ በመቆየቱ ሚትሱቢሺ በዝምታ ፈቃድ እንደተሰጠው ይቆጠራል ተብሎ ተወሰነ። ጎረቤትን «በግቢዬ እለፍ» እያሉ ከርሞ በኋላ በር ዘግቶ ኬላ መቅረጥ አይቻልም እንደማለት ነው።

በአራት፣ በሁለት፣ በአንድ

ባለ 30 እግሯ ሲም በአንድ ጊዜ የምታስተላልፈው 8 ቢት ነው። ፕሮሰሰሩ ደግሞ የሚጎርሰው ከዚያ በላይ ሆነ። ባለ 16 ቢቱ 286 ሁለት ሁለት ካርድ ፈለገ፤ ባለ 32 ቢቱ 386ዲኤክስና 486 ደግሞ አራት አራት። ሦስት ካርድ ሰክቶ ኮምፒውተሩን ለማስነሣት መሞከር ሦስት ጎማ ባላት መኪና ለመንዳት እንደ መሞከር ነበር። ቀጥላ የመጣችው ባለ 72 እግሯ ሲም በአንዴ 32 ቢት ስለምታስተላልፍ 486ን ብቻዋን ቻለችው። በ1993 ባለ 64 ቢት መስመር ይዞ ፔንቲየም ሲመጣ እሷም እንደገና ጥንድ ጥንድ መሆን ግድ ሆነባት። ከዚያ ባለ 168 እግሯ ዲም መጣች፤ 64 ቢት በአንድ ካርድ። የፔንቲየም 2 እና የፔንቲየም 3 ዘመን ላቦችን የምታስታውሱ ባቾች የምታውቋት ካርድ ይህች ናት፤ ስትቆሽሽ ወርቃማ ጥርሶቿን በላጲስ ጠረግ ጠረግ አድርገን የምንመልሳት።

በእነዚህ ዓመታት ሁለት ትልልቅ ነገሮች ተለወጡ። የመጀመሪያው ፍንጭት ነው። ካርዷን ገልብጣችሁ ወርቃማ ጥርሶቿን ስታዩ በመሐል የምትታይ ክፍተት አለች። ለውበት አይደለችም፤ የስምምነት ማኅተም ናት። ባለ 168 እግሯ ዲም ሁለት ፍንጭት ነበራት፤ አንዷ የካርዷን የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ፣ ሌላዋ ባለ መሸጋገሪያ ቺፕ መሆን አለመሆኗን ታመለክታለች። የማይሆን ካርድ ለመሰካት ሲሞከር የሶኬቱ ምላስ ፍንጭቷን አያገኝምና አትገባም። ቀድሞ በመመሪያ መጽሐፍ ሰው ያነበው የነበረውን አሁን ፕላስቲኩ ራሱ «እንቢ» ይል ጀመር።

ሁለተኛው ካርዷ አንደበት ማግኘቷ ነው። ባለ 72 እግሯ ሲም በአራት እግሮቿ መጠኗንና ፍጥነቷን በምልክት ትናገር ነበር፤ በአራት እግር ግን ከ16 በላይ የተለያየ ነገር መናገር አይቻልም። በዲም ጊዜ ካርዷ ላይ አንዲት ትንሽ ቺፕ ተጨመረች። ኮምፒውተሩ ሲበራ ባዮሱ ከሁሉ አስቀድሞ በሁለት ቀጫጭን መስመሮች ይህችን ቺፕ «ማን ነሽ?» ብሎ ይጠይቃል። እሷም ዓይነቷን፣ መጠኗን፣ ፍጥነቷንና የሠራትን ድርጅት ትናገራለች። ኤስ.ፒ.ዲ. የምትባለው ይህች መታወቂያ መጀመሪያ 256 ባይት ነበረች፤ በዲዲአር4 ጊዜ 512፣ በዲዲአር5 ደግሞ 1,024 ሆነች። በእስክርቢቶ ጫፍ ማብሪያ የመግፋት ዘመን በዚህ አበቃ።

አስተርጓሚው ሲሳሳት

ሽምግልናው ሁልጊዜ በሰላም አልሄደም። በ1990 ማይክ ፋርምዋልድና ማርክ ሆሮዊትዝ ያቋቋሙት ራምበስ የተባለ ኩባንያ በጄዴክ ሸንጎ ከ1992 እስከ 1996 አባል ነበር። ከወጣ በኋላ የጋራው ደረጃ በፓተንቶቹ ውስጥ ያርፋል ብሎ አምራቾችን መክሰስ ጀመረ። «እያዳመጥክ ሳትናገር ቆይተህ?» ተባለ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2002 ክስ መሥርቶ በ2006 ራምበስ ሕግ ጥሷል ብሎ ወሰነ፤ በ2008 ግን የይግባኝ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ክርክሩ እንዲህ ከዓመት ዓመት ሲንከባለል የኖረ ነው።

ራምበስ የራሱ የሆነ የማህደረ ትውስታ ዓይነትም ነበረው። ኢንቴል ይህንኑ የወደፊቱ መንገድ አድርጎ መረጠው። ለእሱ የተሠራው 820 የተባለው ቺፕሴት ሦስት ሶኬት ሲኖረው ችግር ስለታየበት ዘግይቶ በ1999 መጨረሻ በሁለት ሶኬት ወጣ። የራምበሷ ካርድ ሪም ትባላለች፤ ባዶ የቀረ ሶኬት ካለ እንኳ ባዶውን መተው አይቻልም፣ መስመሩን የምታስቀጥል የይስሙላ ካርድ መሰካት ግድ ነበር። ካርዷ ውድ ስለነበረች ብዙ ገዢ የለመደውን ኤስዲራም መተው አልፈለገም።

ለእነዚህ ገዢዎች ሲባል በአንዳንድ ቦርዶች ላይ አንድ መሐል ቺፕ ገባ። ሥራው ቃል በቃል አስተርጓሚነት ነው፤ ለራምበስ ቋንቋ የተሠራውን ቺፕሴት ከኤስዲራም ጋር ያነጋግራል። በግንቦት 2000 ኢንቴል ይህ አስተርጓሚ ስሕተት እንዳለበትና ቦርዶቹን እንደሚተካ አስታወቀ። ካርዷ ሶኬቱ ውስጥ ትገባለች፣ ኮምፒውተሩም ይነሣል፤ ግን ሥራው አያስተማምንም። «ይገባል» እና «ይሠራል» የተለያዩ ቃላት መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

የዲዲአር ትውልዶች

ገበያው ያዘነበለው ወደ ጋራው ስምምነት ነበር። ጄዴክ የዲዲአርን ደረጃ በ2000 አወጣ፤ ዲዲአር2 በ2003፣ ዲዲአር3 በ2007፣ ዲዲአር4 በ2012፣ ዲዲአር5 በ2020 ተከተሉ። የዴስክቶፕ ካርዷ እግር ቁጥር በቅደም ተከተል 184፣ 240፣ 240፣ 288 እና 288 ነው። ልብ በሉ፤ ዲዲአር2 እና ዲዲአር3 እኩል 240፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 እኩል 288 ናቸው። ርዝመታቸውም አንድ ነው። የሚለያቸው የፍንጭቷ ቦታ ነው፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ። አንዷ የሌላዋ ሶኬት ውስጥ አትገባም፤ መግባትም የለባትም፣ ምክንያቱም የሚጠጡት ኤሌክትሪክ የተለያየ ነው። የድሮው ኤስዲራም 3.3 ቮልት ይፈልግ ነበር፤ ዲዲአር 2.5፣ ዲዲአር2 1.8፣ ዲዲአር3 1.5፣ ዲዲአር4 1.2፣ ዲዲአር5 1.1። ትውልድ በተቆጠረ ቁጥር ፍጥነት ወደ ላይ፣ ቮልቴጅ ወደ ታች። ፍንጭቷ የምትጠብቀው ይህንን ድንበር ነው። «ትንሽ ገፋ ስናደርጋት ትገባለች» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እጁን ያዙት።

በዚሁ መሐል የሥልጣን ሽግሽግም ተደረገ። ቀድሞ ማህደረ ትውስታውን የሚያዝዘው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ቺፕሴት ነበር። ኤ.ኤም.ዲ. በ2003፣ ኢንቴል ደግሞ በ2008 መቆጣጠሪያውን ወደ ፕሮሰሰሩ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ ወዲህ «ይህ ራም ከማዘርቦርዱ ጋር ይስማማል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሦስተኛ ወገን አለው፤ ፕሮሰሰሩ። ለምሳሌ በ2021 መጨረሻ የወጣው የኢንቴል 12ኛ ትውልድ ዲዲአር4ንም ዲዲአር5ንም ያውቃል፤ ቦርዱ ግን በተለመደው ከሁለቱ ለአንዱ ብቻ የተሠራ ነው። ስለዚህ የፕሮሰሰሩን ስም ብቻ አይቶ ራም መግዛት አይበቃም።

እየገባ የማይሠራው

ፍንጭት ሁሉንም ነገር አይከለክልም። የላብ ገንዘብ የሚባክነው ብዙ ጊዜ ፍንጭቷ ፈቅዳ ሌላው በሚከለክልበት ቦታ ነው። ታሪኩ ሦስት ጥሩ ምሳሌዎች አሉት።

አንደኛ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ብዙ ፔንቲየም ላይ የነበሩት የኢንቴል 430ቪኤክስ እና 430ቲኤክስ ቺፕሴቶች። ከ64 ሜጋባይት በላይ ራም ይቀበላሉ፤ በካሽ ሊሸፍኑ የሚችሉት ግን 64ቱን ብቻ ነው። የጨመረ ሰው ኮምፒውተሩ አንዳንዴ ከድሮው ዝግ ብሎበት ግራ ይጋባል።

ሁለተኛ፣ በ1998 የወጣውና ለብዙ ዓመት ያገለገለው 440ቢኤክስ። ካርዷ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቺፕ እስከ 128 ሜጋቢት ከሆነ ያውቀዋል፤ ባለ 256 ሜጋቢት ቺፕ ሲገባለት ግን ግማሹን ብቻ ያያል። ሁለት ካርዶች ሁለቱም «256 ሜጋባይት» የሚል ይጻፍባቸዋል። ባለ 16 ቺፗ ሙሉ ሆና ትታያለች፤ ባለ 8 ቺፗ 128 ብቻ። ያገለገለ ካርድ የሚገዛ ሰው ቺፕ መቁጠር የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። ይኸው ነገር በዲዲአር3 ዘመን ተደገመ። እስከ ሃስዌል ድረስ ያሉት ለተራ ዴስክቶፕ የተሠሩ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከ8 ጊጋባይት በላይ የሆነች አንዲት ዲዲአር3 ካርድ አይቀበሉም፤ ባለ 16 ጊጋባይቷ ሶኬቱ ውስጥ ብትገባም።

ሦስተኛ፣ የሰርቨር ራም። ከሰርቨር የወጣች ዲዲአር3 ወይም ዲዲአር4 ካርድ ከዴስክቶፕ ካርድ ጋር ትውልዷ አንድ፣ እግሯ አንድ፣ ፍንጭቷም አንድ ነው። ብዙ ጊዜ መጠኗ ትልቅ፣ ዋጋዋም ርካሽ ሆና ስለምትገኝ ታጓጓለች። ነገር ግን መሐሏ ላይ ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ተጨማሪ ቺፕ አላት፤ ተራው ዴስክቶፕ ደግሞ በዚያ ቺፕ በኩል መነጋገር አያውቅም። ውጤቱ ጥቁር ስክሪንና የቢፕ ድምፅ ነው። በዲዲአር5 ጄዴክ የሁለቱን ፍንጭት ለየብቻ አደረገው። እያንዳንዷ ፍንጭት አንድ ጊዜ ሰዎች የተቸገሩበት ነገር መታሰቢያ ናት ብንል አንሳሳትም።

ዛሬ ሰባት ቤት እንዴት ይቆጠራል?

ታሪኩ እንዲህ ከሆነ፣ ራም ከመግዛታችን ወይም ከመላካችን በፊት የምንጠይቀው ቅደም ተከተል ከታሪኩ ውስጥ ራሱ ይወጣል።

መጀመሪያ የካርዷ ዓይነት። የላፕቶፕ ካርድ አጠር ያለች ናት፤ አንዳንድ ትናንሽ ዴስክቶፖችና ስክሪን ውስጥ የተሠሩ ኮምፒውተሮችም የሚወስዱት እሷን ነው። ቀጥሎ ትውልዷ፤ ዲዲአር ስንት? ከዚያ የቮልቴጅ ልዩነት፤ በዲዲአር3 ዘመን 1.35 ቮልት ብቻ የሚወስዱ ላፕቶፖች ነበሩ፤ ካርዷ ላይ «ፒሲ3» ከሚለው ቀጥሎ «ኤል» የሚል ፊደል ያለው ይህን ለመናገር ነው። ቀጥሎ የመጠን ጣሪያ፤ ለአንድ ሶኬት ስንት፣ ለጠቅላላው ስንት? ከዚያ የሰርቨር ነው የተራ የሚለው። ፍጥነት የመጨረሻው ነው፤ የተለያየ ፍጥነት ያላቸው ካርዶች ሲደባለቁ በተለመደው ሁሉም በዝግተኛዋ እርምጃ ይሄዳሉ። የሚያሳዝን እንጂ የሚያቆም ችግር አይደለም።

የፍጥነት አጻጻፉ ብዙ ሰው ያደናግራል። «ዲዲአር4-2400» እና «ፒሲ4-19200» አንድ ዕቃ ናቸው። የመጀመሪያው በሴኮንድ 2,400 ሚሊዮን ጊዜ ታስተላልፋለች ይላል። በየጊዜው የምታስተላልፈው 8 ባይት ነውና 2,400 ሲባዛ በ8፣ 19,200 ሜጋባይት በሴኮንድ። ሁለተኛው ስም ይህ ነው።

የማሽኑን ማንነት ለማወቅ ክዳኑን መክፈት ግድ አይደለም። በዊንዶውስ ላይ «ሲፒዩ-ዚ» የሚባለው ነፃ ፕሮግራም፣ በሊነክስ ላይ ደግሞ «ዲኤምአይዲኮድ» የሚለው ትእዛዝ የቦርዱን ሞዴል፣ የሶኬቱን ብዛትና አሁን የተሰካውን ካርድ ይናገራሉ። ሞዴሉን ከያዙ በኋላ የአምራቹን መመሪያ ማየት ነው፤ ብዙዎቹ አምራቾች የሞከሯቸውን ካርዶች ዝርዝር ያወጣሉ። ዝርዝሩ ላይ የሌለች ካርድ አትሠራም ማለት አይደለም፤ አልተሞከረችም ማለት ነው። አዲስ ካርድ የማያውቅ አሮጌ ባዮስ ካለ ማደስ ሊረዳ ይችላል። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ የተጫነበት ማሽን ደግሞ 8 ጊጋባይት ቢሰካበትም ከ4 በላይ አይጠቀምም፤ ጥፋቱ የራሟ አይደለም። በመጨረሻም የማህደረ ትውስታ መፈተሻ ፕሮግራም አንድ ሌሊት ማስኬድ። «ገባ» ካልን በኋላ «ሠራ» ለማለት ይህ ያስፈልጋል። ድስት ጥዶ ከማልቀስ ቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይሻላል እንዲሉ።

ጥያቄው እንዳይጠፋ

ይህን ሁሉ ታሪክ ያነሣሁት ለትዝታ ብቻ አይደለም። ጥያቄው ራሱ ሊጠፋ ስለተቃረበ ነው። በ2008 የወጣው የመጀመሪያው ማክቡክ ኤር ራሙ ቦርዱ ላይ ተበይዶ የመጣ ነበር። ዛሬ ብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች እንዲሁ ናቸው። አምራቾቹ ያለ ምክንያት አላደረጉትም፤ የተበየደ ማህደረ ትውስታ ቦታ ይቆጥባል፣ ባትሪ ይቆጥባል፣ ለከፍተኛ ፍጥነትም ይመቻል። ዋጋው ግን በባለቤቱ ላይ ይወድቃል። በተገዛበት ቀን የነበረው ራም እስከ መጨረሻው ያው ነው፤ ሲበላሽ ደግሞ ከቦርዱ ጋር ነው የሚጣለው። በአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒውተር 16 ኪሎባይት ተበይዶ ሲመጣ አጠገቡ ባዶ ሶኬት ነበረ። አሁን ሶኬቱም የለም።

ሽማግሌዎቹ ግን አልተበተኑም። በታኅሣሥ 2023 ጄዴክ ካም2 የሚባል አዲስ ደረጃ አወጣ። በቦርዱ ላይ ተጋድማ በቡሎን የምትታሰር ካርድ ናት፤ ቀጭን ላፕቶፕ ውስጥም የሚነቀል ማህደረ ትውስታ እንዲኖር ታስባ የተሠራች። ትስፋፋ ይሆን አይሁን የሚወስነው ገዢው ነው።

ገዢው ደግሞ እኛም ነን። በግዥ ኮሚቴ ውስጥ የምትቀመጡ መምህራን፣ ስፔሲፊኬሽን ስትጽፉ «16 ጊጋባይት ራም» ብላችሁ አትተዉት። «የሚነቀል ይሁን፣ ቢያንስ አንድ ባዶ ሶኬት ይኑረው፣ እስከዚህ ድረስ ይደግ» ብላችሁ ጨምሩበት። ይህች አንዲት መስመር የላቡን ዕድሜ በዓመታት ልታራዝም ትችላለች። በውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ከመግዛታችሁ በፊት የላቡን ቴክኒሻን የማሽኖቹን ሞዴል ዝርዝር ጠይቁት፤ የሰርቨር ካርድ በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ አትቸኩሉ። ተማሪዎቻችንም አሮጌ ካርድ ሲጥሉ ፍንጭቷን አንድ ጊዜ ይመልከቷት። ማን ከማን ጋር እንደተስማማ፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ የምትናገረው እሷ ናት።

ራም ርካሽ ዕቃ ናት። ውዱ ነገር ማንም አምራች የሠራትን ካርድ ማንም አምራች በሠራው ቦርድ ላይ እንድትሰካ ያስቻለው ስምምነት ነው። አርባ ዓመት የፈጀ ሽምግልና ነው፤ በእኛ ላብ ውስጥ አሥር ዓመት ያገለገለ ኮምፒውተር ካለ የዚያ ሽምግልና ፍሬ ነው።